ካርዶቹ እስኪገለጡ

ዛሬ ሬትሮ ነበረን። ስፕሪንት (አጭር የሥራ ዙር) ባለቀ ቁጥር የሶፍትዌር ቡድናችን ልጆች ተሰብስበን ምኑ ጥሩ እንደሄደ፣ ምኑ ላይ እንደተቸገርን እንነጋገራለን። ግማሾቻችን አዲስ አበባ ነን፣ የቀሩት በርሊን። የምንገናኘው በዙም ነው፣ የምንጽፈው ሚሮ በሚባል የኦንላይን ሰሌዳ ላይ።

ሀሳቡ የቆየ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የአጃይል ማኒፌስቶ፣ ሶፍትዌር እንዴት ቢሠራ እንደሚሻል የሚናገር መግለጫ፣ 12 መርሆዎች አሉት። የመጨረሻው ቡድኑ በየጊዜው ቆም ብሎ ራሱን ይመልከት፣ አሠራሩንም ያስተካክል ይላል። በስፕሪንት የመሥራት ዘዴ የሆነው የስክረም መመሪያ ለአንድ ወር ስፕሪንት ሬትሮ ቢበዛ 3 ሰዓት ይሰጣል። የእኛ የሁለት ሳምንት ስለሆነ አንድ ሰዓት ይበቃናል። ከዚያ ካለፈ ካሜራዎቹ አንድ በአንድ መዘጋት ይጀምራሉ።

እኔ ከሁሉም የምወደው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ነው። ማንም አይናገርም። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ሁሉም የየራሱን ካርድ ይጽፋል። ሌላው ምን እንደጻፈ አይታይም፣ የጸሐፊውም ስም አይወጣም። ሲያልቅ ሁሉም በአንዴ ይገለጣል።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን የሬትሮ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ወሬ ቀድሞ ከተጀመረ መጀመሪያ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ሲኒየሩ ነው። እሱ «አሪፍ ነበር» ካለ በኋላ አዲስ የገባች ልጅ «እኔ ግን ተቸግሬ ነበር» ለማለት ይሉኝታ ይይዛታል። ቢሮ ውስጥ ብንሆን ፊቷን አይቶ «ምነው ዝም አልሽ?» የሚላት አይጠፋም። ዙም ላይ ግን ማይክ የዘጋ ሰው የተስማማ ይመስላል።

ዛሬ ከተገለጡት ካርዶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ዓርብ ማታ ዲፕሎይ አድርገን አዲስ አበባ መብራት ቢጠፋ ማን ይከታተለዋል?» ዲፕሎይ ማለት አዲሱን ኮድ ለተጠቃሚ ማውጣት ነው። ድምፅ ስንሰጥ ብዙ ነጥብ ያገኘው ይህ ካርድ ሆነ። በርሊን ያሉት ጉዳዩ ጨርሶ ታይቷቸው አያውቅም። እኛ ደግሞ ስለለመድነው አንስተነው አናውቅም። ጥቂት ዝም ተባለ። ከዚያ ካርዱን የጻፈችው ልጅ ማይኳን ከፍታ «የእኔ ነው» አለችና ባለፈው ጊዜ በስልኳ ዳታ እንዴት እንደተጨናነቀች ማስረዳት ጀመረች።

ካርድ ላይ ስም ይጻፍ፣ አለበለዚያ መተማመን የለም የሚሉ አሉ። አልስማማም። ጽፎ ምንም ያልደረሰበት ሰው እየበዛ ሲሄድ ነው መተማመን የሚመጣው። ልጅቷን ስም ጻፊ ብንላት ኖሮ ካርዱም አይኖርም ነበር።

ብዙ ነገር ተነስቷል፤ የያዝነው ሁለቱን ብቻ ነው። አሥር ነገር ወስኖ አንዱንም ሳይሠሩ መቅረት ሰውን ከሬትሮ ያርቃል። አንደኛ፣ ዓርብ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ዲፕሎይ የለም። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ዲፕሎይ ከሌላኛው ከተማ ተጠባባቂ ይመደባል። የተጠባባቂዎቹን ዝርዝር የማወጣው እኔ ነኝ። እስከ ሐሙስ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እለጥፈዋለሁ፤ የሚቀጥለው ሬትሮ የሚጀምረውም እሱን በማየት ነው።