ገብርኤል ከእሳቱ አወጣን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ካወጣኸኝ እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበርና ቃሌን ልፈጽም።

ጅዳ ሰው ቤት ሦስት ዓመት ሠርቼ ወደ አገሬ የምመለስበት ሌሊት ነበር። በዚያ ቤት ማተቤን ከልብሴ ሥር ደብቄ፣ ጸሎቴን በልቤ ብቻ ነበር የማደርሰው። በመጨረሻው ዓመትማ እሱንም ትቼው ነበር፤ አልዋሽም፣ ድካሙ አሸንፎኝ ነበር።

አውሮፕላኑ ከተነሣ ብዙም አልቆየ። የከተማው መብራት ከኋላችን ቀርቶ ከታች ቀይ ባሕር ነው፣ ድቅድቅ ጨለማ። ድንገት በቀኝ በኩል እንደ መድፍ ጓ! አለ። ደግሞ ጓ! ጓ! ወንበሩ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። የተቀመጥኩት መስኮት ዳር፣ ከክንፉ ኋላ ነበርና ከሞተሩ ጀርባ እሳት ቦግ እልም ሲል በዓይኔ አየሁት። የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ከዚያ ያ ሞተር ዝም አለ። ከፍንዳታው ይልቅ ያ ዝምታ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

ውስጡ ዋይታ ሆነ። አብዛኞቻችን ከሰው ቤት የምንመለስ ሴቶች ነን። ከጎኔ ያለችው የከሚሴ ልጅ እጄን ጨምድዳ ይዛ «ያ አላህ! እናቴን ሳላያት!» ትላለች። እኔ ውዳሴ ማርያም በቃሌ የማውቀው ሴትዮ አንድ ቃል አልመጣልኝ አለ። ማተቤን ከአንገቴ ስቤ አወጣሁና በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጮኽኩ፦ «የቁልቢው ገብርኤል! አናንያን፣ አዛርያን፣ ሚሳኤልን ከእሳት ያወጣህ፣ እኛንም አውጣን! ለአገሬ አፈር ካበቃኸኝ ጥላ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ፤ ያደረግህልኝንም እመሰክራለሁ!»

ካፒቴኑ አንዱን ሞተር እንዳጠፉትና በሌላው ወደ ጅዳ እንደምንመለስ ተናገረ፤ አስተናጋጇም በአማርኛ ደገመችልን። ነዳጅ እስኪቀንስ ባሕሩ ላይ ስንዞር ልጅቷ በእሷ ቋንቋ፣ እኔ በእኔ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ጸለይን። መንቀጥቀጤ መቼ እንደተወኝ አላውቅም። የእሷን እጅ ሳይ ነው የእኔም መርጋቱን ያስተዋልኩት።

ጎማው መሬት ሲነካ እልልታው ቀለጠ! የእሳት አደጋ መኪኖች በግራና በቀኝ መብራታቸውን እያብለጨለጩ አጀቡን። አንድም ሰው አልተጎዳም።

በኋላ የአውሮፕላን መካኒክ የሆነ ዘመዴ አስረዳኝ። የመንገደኛ አውሮፕላን በሚነሣበት ሰዓት እንኳ አንዱ ሞተር ቢጠፋበት በሌላው መውጣት እንዲችል ሆኖ ነው የሚሠራው፤ አብራሪዎቹም ይህንኑ ደጋግመው ይለማመዳሉ። አመንኩት፤ አብራሪዎቹንም እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። ግን ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ የዞረውን ያን አንድ ሞተር ማን ጠበቀው? የአብራሪዎቹንስ ልብ ማን አጸናው? እኔ የጠራሁትን አውቃለሁ።

በማግስቱ በሌላ አውሮፕላን ቦሌ ገባን። ስንለያይ የከሚሴዋ ልጅ ሃምሳ ሪያል በመዳፌ አስጨብጣ «እህቴ፣ የእኔንም አድርሺልኝ» አለችኝ።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወጣሁ። ጥላውን ስለ ራሴ፣ ጧፉን ስለ እሷ አስገባሁ።