ፌስታል የለበሰው ጓጉንቸር

ክረምቱን አዳማ ልጃችን ጋ ከርመን ዛሬ ሱሉልታ ቤታችን ገባን። ጡረታ ከወጣን ወዲህ የእንጦጦ ጀርባ ብርድ ለባለቤቴ ጉልበት አልሆነውም። አዳማ ከዚህ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለምትል ቁርጥማቱ ጋብ ይልለታል።

በሩ ጋ ስንደርስ ቆም አልን። ጓጉንቸሩ ጥቁር ፌስታል ለብሷል። ሁለቴ ተጠቅልሎ በሲባጎ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ባለቤቴ እንደምንም ፈታው። ውስጡ ዘይት ተቀብቷል፤ የወጥ ዘይት! አምና የነበረው ዝጎ በመጋዝ አስቆርጠነው ነበር፤ የዘንድሮው ግን ቁልፉ አንዴ ዞር ሲል ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

«እትዬ፣ ዝናቡ እንዳያበላሸው ብዬ ነው» አለችኝ ጎረቤታችን፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። ማንም አላዘዛትም። አደራ እንኳ አላልናትም፤ ደንግጬ ዝም ብዬ አቀፍኳት።

ቤቱማ ሻግቷል። የባለቤቴ የቆዳ ጫማ አረንጓዴ ሆኗል፤ ፀሐይ ላይ አውጥተነዋል። ግቢው ውስጥ አደይ አበባው ወገብ ድረስ ደርሷል።

ልጆቻችን «ሸጣችሁ ጠቅልላችሁ ኑ» ይሉናል። ለኛ ብለው ነው፣ አውቃለሁ። ግን በየሳምንቱ በዝናብ እየወጣች የሰው ቁልፍ የምታይ ጎረቤት ስንት ተብላ ትተመናለች?

ከሰዓት ቡና አፍልቼ ጠራኋት። ሦስተኛውን ጠጥታ ነው የሄደችው።