ሊ ቹን የሚባል ሰው

ሰሞኑን ዝም ብሎ ይከፋኛል። እሷ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል፣ ታውቃላችሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ ፎቶ ሳገላብጥ አንድ የድንጋይ ድልድይ አየሁና ከሱ አልፌ መሄድ አቃተኝ።

ቻይና ውስጥ፣ ሄቤይ ክፍለ ሀገር ያለው የዣኦጆ ድልድይ ነው። በስዊ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ595 እስከ 605 ባለው ጊዜ ተሠራ። ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ስንት ጎርፍ መጣበት፤ በ1966 አካባቢውን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። አልወደቀም።

ቅስቱ ግማሽ ክብ አይደለም። እንደ ደጋን ዝቅ ብሎ ተለጥጧል። 37 ሜትር ገደማ ይዘረጋል፣ ከፍታው ግን ከ7 ሜትር ብዙም አይበልጥ። ወንዙ መሃል አንድም ምሰሶ የለም። ጋሪ የሚገፋ ሰው ዳገት ሳይወጣ ይሻገራል። ደግሞ በትልቁ ቅስት ግራና ቀኝ ትከሻ ላይ ሁለት ሁለት ትንንሽ ቅስቶች አሉ። ሌላ ግንበኛ ቢሆን ያንን ቦታ በድንጋይ ይደፍነው ነበር። እሱ ክፍት ተወው። ወንዙ ሲሞላ ውሃው በዚያ ያልፋል፤ የድልድዩም ክብደት ይቀንሳል። ትልቁ ቅስት ራሱ ጎን ለጎን ከተደረደሩ 28 ቅስቶች የተሠራ ነው። በዘመን ብዛት ጠርዝ ላይ ያሉት ሲረግፉ የቀሩት ተሸክመው ቆዩ። በ1950ዎቹ ተጠገነ።

ታዲያ ይህን ያሰበው ማነው? ሊ ቹን ይባላል። ስሙ የተረፈው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዣንግ ጂያዠን የተባለ የታንግ ዘመን ሹም ስለ ድልድዩ ስለጻፈ ነው። ይህ የስዊው ባለሙያ የሊ ቹን ሥራ ነው፣ አሠራሩ ልዩ ነው፣ ሰው እንዴት እንደሠራው አያውቅም ይላል። በቃ። የት ተወለደ፣ ከማን ተማረ፣ ሌላስ ምን ሠራ፣ የተጻፈ ነገር የለም።

ሕዝቡማ ድልድዩን ለሉ ባን ሰጠው። ሉ ባን የግንበኞችና የአናጢዎች አባት የሚባል፣ ከሊ ቹን አንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖረ ሰው ነው። በአንድ ሌሊት ሠራው ይላሉ። አህያ የሚጋልብ ቅዱስ ሲሻገር ድልድዩ ተንቀጠቀጠ፤ ሉ ባን ውሃው ውስጥ ዘሎ በእጁ ደግፎ ያዘው። ተረቱ ደስ ይላል። እኔ ግን ሊ ቹን አሳዘነኝ። ያ ሁሉ ዓመት የተለፋበት ሥራ የአንድ ሌሊት ተአምር ሆነ። ድንጋዩን የፈለጡትና የጠረቡትማ አንዲት መስመር እንኳ አልደረሳቸውም።

ምናልባት እሱ ለስሙ ግድ አልነበረው ይሆናል፤ ድልድዩ መቆሙ ይበቃው ይሆናል። ለኔ ግን አይበቃኝም። ያን ቀን በዙሪያው የነበሩትን ሰዎች ማየት እፈልጋለሁ። እነዚያን አራት ቦታዎች ክፍት እንተዋቸው ሲል ስንቱ ይፈርሳል ብሎ ተከራከረው? መጀመሪያ ያመነውስ ማን ነበር?