ግብጦ ለማየት ዳንግላ ድረስ

የመጀመሪያውን ቀን መንገድ ብዙ አላወራም፣ አባይ በረሃ ላይ ቀለጥን፣ ማርቆስ ምሳ በላን፣ በቃ። የሚወራው እንጅባራ ያደርኩበት አልጋ ነው። 2011 ጥቅምት ላይ ነው፣ "ሙቅ ሻወር አለው" ተብዬ 250 ብር ከፈልኩ፣ ቧንቧው ጠብ አላለም፣ ብርድ ልብስ ጨምሪልኝ ስላት ልጅቷ "አልቋል" ብላኝ ሄደች። የሞጆ ልጅ ነኝ፣ እኛ ጋ ብርድ የሚባለው እዛ ሙቀት ነው መሰለኝ፣ ጃኬቴን እንደለበስኩ ቁጭ ብዬ ነጋ።

የሄድኩት ለመሬት ጉዳይ ነው። አባቴ ማሳ ላይ ጤፍ በጤፍ እየዘራን መሬቱ ያለ ዩሪያ ማዳበሪያ ምርት አልሰጥም ካለ ቆየ፣ የዩሪያው ዋጋ ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል። ጎጃሞች የደከመ መሬት ግብጦ የሚባል መራራ ጥራጥሬ ዘርተው ያድሳሉ ሲባል ሰምቼ በዓይኔ ልይ አልኩ።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ያኔ መንገዱ ዳር ሁሉ ዴከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ ነበር። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክለው ነበር፣ አራት አምስት ዓመት ላይ ቆርጦ ከሰል ያከስለው ነበር፣ ከዛ መልሶ ጤፍ። ዛፉ ራሱ ናይትሮጅን፣ ማለትም ዩሪያ የሚሰጠውን የሰብል ምግብ፣ ከአየር ወስዶ አፈር ውስጥ ያስገባል። ጆንያ ጆንያ ከሰል ተደርድሮ ሳይ መጀመሪያ አዘንኩ፣ ኋላ ሒሳቡን ሳስበው ገንዘብ የሚያመጣ የአፈር መድኃኒት ማን ይጠላል?

ዳንግላ ባጃጁ በእግር አስር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ 100 ብር ተቀበለኝ፣ እንግዳ መሆኔ ፊቴ ላይ ተጽፏል መሰለኝ። ያወረደኝ ቦታ ግን ተመስገን ነው፣ ግብጦው አብቦ ማሳው ነጭ በነጭ ሆኗል። ባለማሳው አዛውንት ናቸው፣ ሰላም ብያቸው ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው አንዱን ነቅለው ሥሩን አሳዩኝ፣ ሥሩ ላይ ያለውን፣ ናይትሮጅን የሚያዝበትን እባጭ በጥፍራቸው ሰንጥቀው "ቀይ ነው፣ እየሠራ ነው ማለት ነው" አሉኝ። እውነት ነው፣ ውስጡ ነጭ ወይ አረንጓዴ ከሆነ ናይትሮጅን አያዝም። አካባቢው አሲዳማ ቀይ አፈር ነው፣ ፎስፈረስ የሚባለው ሌላው የሰብል ምግብ ይታሰራል፣ ግብጦ ግን ከሥሩ አሲድ እያወጣ ይፈታዋል።

"አባባ ታዲያ ለምን ቬች፣ የመኖ ጥራጥሬውን፣ አትዘሩም፣ እሱ ለከብትም ይሆናል" አልኳቸው።

ሳቁብኝ። "ልጄ፣ ከብት የሚበላውን ማን አፈር ያበላዋል? ደግሞስ የሰው ከብት መቼ ያስተርፍልሃል?"

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ። አረንጓዴ ማዳበሪያ የሚባለው፣ አፈር ለማዳበር ተብሎ የሚዘራው ተክል፣ አበባ ላይ ሲደርስ፣ ፍሬ ሳይቋጥር ተገልብጦ ይታረሳል፣ ፍሬ ከያዘ ናይትሮጅኑ አብዛኛው ወደ ፍሬው ይሄዳል። ግን ልቅ ግጦሽ ባለበት አገር ጣፋጭ ነገር ዘርቶ እስከ አበባ ማድረስ ዘበኛ መቅጠር ነው። ግብጦ መራራ ስለሆነ ከብት አይነካውም፣ መራራነቱ አጥሩ ነው። ፍሬውንም ሰው የሚበላው ቆልቶ ወንዝ ውስጥ ቀናት ከዘፈዘፈው በኋላ ነው። እሳቸውም ራሳቸው አይገለብጡትም፣ ፍሬውን ለቅመው ይሸጣሉ፣ ለመሬቱ ሥሩና የረገፈው ቅጠል ይቀራል፣ ያም ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት እህሉ ይለያል ይላሉ። ጠላ አጠጡኝ፣ ብር ላውጣ ስል ተቆጡ።

ማታ ለአባቴ ደወልኩ። የእኛ መሬት ጥቁር መረሬ ነው፣ ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ ግብጦ ደግሞ እግሩ ውሃ ውስጥ መቆም አይወድም፣ ኖራማ አፈርም ይጠላል። "ታችኛው ማሳ ላይ ማገጥ ራሱ ይበቅል የለ" አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ማገጥ የሚባለው ባለሦስት ቅጠል የከብት መኖ እንደ ግብጦ ናይትሮጅን ያስገባል፣ ውሃ የቋጠረ ጥቁር አፈርም ይችላል።

ስለዚህ ዘር ሳልገዛ ተመለስኩ፣ ለመንገድ የሚቆረጠም ግብጦ ብቻ። ታችኛውን ለማገጥ እንተዋለን፣ ላይኛውን ቬች ከአጃ ጋር ቀላቅለን ለላሞቹ እናጭዳለን፣ መሬቱ ሥሩን ይውሰድ፣ ፍጉን እንመልስለታለን። የቀረን አጥር ነው፣ ጎረቤታችን ደግሞ አሥራ ሁለት ፍየል አለው።