እግር ሲከዳ ሁሉ ዲስክ አይደለም

ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ ሰው የሐረር ጁገልን ዳገት ሲወጣ እግሩ እየከዳው ግድግዳ ከተደገፈ፣ አረፍ ሲል ከተሻለው፣ በዚያ ላይ ሽንቱ አልወጣ እያለ ካስቸገረው፣ «ዲስክ (የአከርካሪ ዲስክ መንሸራተት) ነው» ተብሎ ማስታገሻ ይዞ መመለስ የለበትም። እኛ ጋ የአከርካሪ ቲቢም ዲስክም አለ፤ መጀመሪያ እነሱ ቢጠረጠሩ አይገርምም። ዱራል ፊስቱላ፣ ማለትም በሕብለ ሰረሰር ሽፋን ላይ የሚፈጠር የደም ሥሮች የተሳሳተ ግንኙነት፣ ግን ይታሰብ። ብርቅ ቢሆንም ይታከማል፤ ከዘገየ የሞተ ነርቭ አይመለስም።

በዚህ በሽታ የነርቭ ሥር ከአከርካሪ በሚወጣበት ቦታ፣ በሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን ላይ፣ ቀጭን ደም ቅዳ በቀጥታ ደም መልስ ውስጥ ይገባል። ግፊቱ ወደ ሕብለ ሰረሰሩ ይመለሳል፤ ደሙ መውጫ አጥቶ ይጠራቀምና ሕብለ ሰረሰሩ ያብጣል።

ትልቁ ስህተት የወገብ ኤምአርአይ ብቻ ማዘዝ ነው። ሕብለ ሰረሰር የሚያልቀው የመጀመሪያው የወገብ አጥንት አካባቢ ስለሆነ የደረቱም ይነሳ። ቲ2 በሚባለው የኤምአርአይ ምስል መሃሉ የነጣ ሕብለ ሰረሰርና ከጀርባው የተደረደሩ ጥቁር ነጠብጣቦች ከታዩ፣ እባካችሁ ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ አትጀምሩ፤ ስቴሮይድ አንዳንዱን በሰዓታት ውስጥ ያሽመደምደዋል።

ያበጠበት ቦታ የፊስቱላው ቦታ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በብሽሽት የገባው ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ግራና ቀኝ ያሉትን የጎድንና የወገብ ደም ቅዳዎች አንድ በአንድ ይፈትሻል። የሕብለ ሰረሰሩን ፊት የሚመግበው የአዳምኪየቪች ደም ቅዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ከ9ኛው የደረት እስከ 2ኛው የወገብ አጥንት መካከል የሚነሳው፣ ፊስቱላውን ከሚመግበው ግንድ ከወጣ፣ ፊስቱላውን ለመዝጋት በካቴተር የሚገፋው ሙጫ አይሞከርም፤ ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምናው እንደ ሽንፈት መታየት የለበትም፣ አስተማማኝ ነው።

ካልሆነ ማይክሮካቴተሩ (ይበልጥ የቀጠነው ቱቦ) ፊስቱላው ድረስ ተጠግቶ በ5 በመቶ ዴክስትሮስ ይታጠባል፤ ሙጫው ደም ወይም ኖርማል ሳላይን ሲነካ ወዲያው ይጠነክራልና። ከዚያ ሙጫው ሊፒዮዶል ከተባለ ዘይት ጋር፣ ለምሳሌ 1 ለ3፣ ተደባልቆ ይገፋል፤ ዘይቱ በራጅ እንዲታይ ያደርገዋል፣ መጠንከሩንም ያዘገያል። መድረስ ያለበት ደም መልሱ መነሻ ላይ ነው። ደም ቅዳው ውስጥ ከቀረ ፊስቱላው በጎረቤት የደም ሥሮች በኩል እንደገና ይከፈታል፤ አልፎ ከሄደ የሕብለ ሰረሰሩን መውጫ ይደፍናል። ካቴተሩም ፈጥኖ ካልተሳበ ተጣብቆ ይቀራል።

በደንብ ከተዘጋ እግር ቀድሞ ይሻላል፣ ሽንት ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ተሽሎት የነበረ ሰው መልሶ ከደከመ አንጂዮግራፊው (በካቴተር የሚደረገው የደም ሥር ምርመራ) ይደገም።

ከሐረርም ሆነ ከድሬዳዋ ሪፈር ሲጻፍ የኤምአርአዩ ሲዲ ራሱ ይሂድ፤ ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም። የኩላሊት ክሬቲኒን ውጤት፣ ድካሙ የጀመረበት ወርና ስቴሮይድ ተሰጥቶት እንደሆነም ወረቀቱ ላይ ይስፈር።