የሳጥን አራት መስመሮችን አንድ ላይ ማየት

ሳጥን መሳል ለሥዕል ተማሪ ከሚሰጡ ልምምዶች ሁሉ ደረቁ ይመስላል። ይሁን እንጂ እስካሁን ከሞከርኋቸው ልምምዶች ውስጥ የማየት ልማዴን ከሥሩ የለወጠው እርሱ ነው። ይህን የምጽፈውም ብዙ ጀማሪ ወረቀቱን በሳጥን ከሞላ በኋላ ልምምዱን የጨረሰ እየመሰለው ስለሚያስቀምጠው ነው፤ በእኔ እምነት ዋናው ትምህርት የሚጀምረው ግን ያን ጊዜ ነው።

ሳጥን 12 ጠርዞች አሉት፤ እነዚህም አራት አራት እየሆኑ በሦስት ቡድን ይከፈላሉ። የአንድ ቡድን አራት ጠርዞች በእውነተኛው ሳጥን ላይ ትይዩ ናቸው፤ በሥዕል ላይ ግን ከተመልካቹ እየራቁ በሄዱ ቁጥር እየተቀራረቡ ይሄዱና፣ ቢቀጥሉ ኖሮ መጥፊያ ነጥብ በሚባል አንድ ቦታ ላይ ይገናኙ ነበር። ይህን ሕግ ጣሊያናዊው አርክቴክት ብሩኔሌስኪ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በፍሎረንስ በሥዕል አሳይቶታል፤ ጸሐፊውና አርክቴክቱ አልበርቲም እ.ኤ.አ. በ1435 ለሠዓሊዎች እንዲሆን በጽሑፍ አብራርቶታል። ሕጉን ለመረዳት ግማሽ ቀን ይበቃል። ዓይንና እጅ ያለ ማስመሪያ እንዲታዘዙት ማድረግ ግን ረጅም ትዕግሥት የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለተመልካቹ ከሚቀርበው ማዕዘን ተነሥቶ በሦስት አቅጣጫ የሚሄዱ ሦስት መስመሮች ይሰመራሉ፤ በመስመሮቹ መካከል ያሉት ሦስት አንግሎች እያንዳንዳቸው ከ90 ዲግሪ በላይ ቢሆኑ ይመረጣል፣ አለበለዚያ ሳጥኑ የተዛባ ይመስላል። ከዚያ የቀሩት ጠርዞች፣ ከጀርባ የተደበቁት ሦስቱ ጭምር፣ አንድ በአንድ ይጨመራሉ። መጥፊያ ነጥቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀቱ ውጭ ስለሚውሉ ምልክት አይደረግባቸውም፤ በግምት ብቻ ይታሰባሉ። በእርሳስ ፈንታ በእስክሪብቶ መሥራትን እመርጣለሁ፤ መስመሩ እንደማይጠፋ የሚያውቅ ሰው ከመሳሉ በፊት እጁን ከትከሻው እያንቀሳቀሰ በሁለቱ ነጥቦች መካከል በአየር ላይ ደጋግሞ ይለማመዳልና።

አንድ ገጽ ሲሞላ ማስመሪያና ባለ ቀለም እስክሪብቶዎች ይነሣሉ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቀለም ተመድቦ አራቱም መስመሮች ከተመልካቹ ወደሚርቁበት አቅጣጫ ይራዘማሉ። አቅጣጫው ወሳኝ ነው፤ ወደ ተመልካቹ የተራዘሙ መስመሮች ስለ መገናኛው ምንም አይናገሩም። ቀለሙ ያን ጊዜ ዓይን ያላየውን ያወጣዋል፦ እየተቀራረቡ መሄድ የነበረባቸው መስመሮች እየተራራቁ ይሄዳሉ፣ ወይም ሁለቱ በቅርብ ተገናኝተው የቀሩት ሁለቱ ሌላ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ይህ ሁለተኛው በጀማሪዎች ሥራ ላይ እጅግ የተለመደ ነው። ምክንያቱም ዓይን የሚያየው የሳጥኑን ጎኖች ስለሆነ፣ በአንድ ጎን ላይ ያሉትን ሁለት ጠርዞች እርስ በርስ ያስማማና በማዶ ያሉትን ሁለቱን ይረሳል።

ቀለሙ ስሕተቱ የት እንዳለ ያሳያል፤ ከየት እንደመጣ ለመናገር ግን ብዙ ሳጥን ያየ ሰው ያስፈልጋል። ከተሰጡኝ አስተያየቶች ሁሉ እጅግ የጠቀመኝ ሳጥኖቼን አንድ በአንድ ያረመው አልነበረም፤ ገጹን በሙሉ ተመልክቶ በመካከል ያሉትን ሁለት መስመሮች እንዳጤን የነገረኝ ነበር። ከአራቱ መስመሮች ሁለቱ የሳጥኑ ዳር ናቸው፤ ሁለቱ ግን በመካከል ይወድቃሉ፣ አንደኛው ከቅርቡ ማዕዘን የሚነሣው፣ ሌላኛው ከጀርባ የተደበቀው ነው። አራቱም ከመጥፊያ ነጥቡ እየተበተኑ እንደሚመጡ አድርገን ብናስብ፣ በመካከለኞቹ መካከል ያለው አንግል ብዙ ጊዜ በጣም ትንሽ ስለሚሆን፣ ሳጥኑ ጋ ሲደርሱ ትይዩ ለመሆን ጥቂት ይቀራቸዋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አዲስ መስመር ከማስመሬ በፊት ለጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን ለሦስቱም ቡድንተኞቹ እንዲስማማ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ።

እንዲህ ያለ አስተያየት ዋጋ የሚኖረው በቀጣዩ ገጽ ላይ ሲሠራበት ነው። የተሳለውን ሳጥን እንደገና መነካካት አያስፈልግም። «ጎበዝ፣ በርታ» የሚለውም ከልብ የመጣ ቢሆን ተማሪው ቀጥሎ ምን ማየት እንዳለበት አይነግረውም። ብዙ ገጾችን ሳያርሙ በጥድፊያ መሙላት ደግሞ ያንኑ ስሕተት እጅ ላይ ማጽናት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ አንድ ገጽ ሳይመረመር ሌላው ባይጀመር ይሻላል።

በመጨረሻ የሚቀረው አስቸጋሪ ነገር የጀርባው ማዕዘን ነው። ሦስቱ የተደበቁ ጠርዞች አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት ሲገባቸው፣ በፊት የተሰመሩት መስመሮች ጥቃቅን ልዩነቶች ሁሉ እዚያ ይጠራቀሙና መስመሮቹ ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ብዙዎች ይህን ማዕዘን ብቻ ለማስተካከል ሲታገሉ አያለሁ፤ ይሁን እንጂ ሦስቱ ቡድኖች እየተስተካከሉ ሲመጡ እርሱም አብሮ ይስተካከላል። እኔ አሁን የማተኩረው መጥፊያ ነጥባቸው ቅርብ የሆነና ሩቅ የሆነ ሳጥኖችን በአንድ ገጽ ላይ እያቀላቀልሁ በመሳል ላይ ነው። ቅርብ ሲሆን ሳጥኑ ግዙፍ ወይም አፍንጫችን ሥር ያለ ይመስላል፤ ሩቅ ሲሆን ደግሞ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ይመስላል፤ ከሁለቱም ይልቅ ዓይንን የሚፈትነው ግን ይኸኛው፣ መስመሮቹ መቀራረባቸው እምብዛም የማይታይበት ነው።