ታናሼ አውሮፕላን ሊቀይር ነው

ደብረ ብርሃን ላይ ጉሙ እስከ ረፋድ አልተገፈፈም፤ እኔም ከአየሩ አልሻልም። ትናንት ማታ ታናሼ ደውሎ፣ ከተማረበት ሴስና 172 ወጥቶ በፓይፐር ቼሮኪ መብረር ሊጀምር መሆኑን ሲነግረኝ «እሰይ» አልሁት፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እንደ እኔ ላለ ሰው ሁለቱም ባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ናቸው፤ ልዩነታቸው የአንዱ ክንፍ ከላይ፣ የሌላው ከታች መሆኑ ብቻ ነው። ነገር ግን በሴስናው የነዳጅ መምረጫ ላይ «ሁለቱም» የሚል ቦታ ስላለ ሞተሩ ከግራና ከቀኝ ታንከር በአንድነት ይስባል። በቼሮኪው ያለው ግራ ወይም ቀኝ ነው፤ አብራሪው በየጊዜው ራሱ ማዛወር አለበት። ከዘነጋ አንዱ ታንከር ሙሉ እንደሆነ ሞተሩ አየር ላይ ይጠፋል።

የሚያስጨንቀኝ እንግዲህ የታናሼ አለማወቅ አይደለም፤ ማወቁ ነው። ጀማሪ እያንዳንዱን ማንሻ አይቶ ይነካል፤ የለመደ እጅ ግን ሳያይ ይዘረጋል፣ የሚዘረጋውም ወደ ለመደው ቦታ ነው።

አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆን ዴንቨር በጥቅምት 1990 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንትሬይ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከነአውሮፕላኑ ወድቆ ሲሞት ከ2,700 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበር። ግለሰቦች ከንድፍ ላይ ራሳቸው የሚሠሯትን ሎንግ-ኢዚ የተባለች አውሮፕላን የተረከበው ከአደጋው አንድ ቀን በፊት ሲሆን፣ የተለማመደባትም ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የሠራት ግለሰብ የነዳጅ መምረጫውን ንድፍ አውጪው ካሰበለት ቦታ አንሥቶ ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ ስላስቀመጠው፣ እርሱን ለማዞር መሪውን ለቅቆ ወደ ኋላ መጠምዘዝ ያስፈልግ ነበር። መርማሪዎች እንደደረሱበት፣ ሰው እንዲያ ሲጠመዘዝ ቀኝ እግሩ ሳይታወቀው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ጎን የሚያዞረውን ፔዳል ይገፋል። የመንዝ ፈረስ እንኳ ባዳ ሲቀመጥበት ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኝቶ ያስጠነቅቃል፤ አውሮፕላን ግን ማንንም ዝም ብሎ ይሸከማል።

ከዚያ ደግሞ ሐሳቤ ወደ ሁበርት ጁሊያን ሄደ። ይህ ከኒው ዮርክ ሃርለም ሰፈር የመጣ አብራሪ በ1923 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ቀደም ብሎ የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ የተባለ ትንሽ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ አስነሥቶ ከሰከሰው። እርሱ ሆን ተብሎ ተበላሽቶብኛል ሲል፣ ሌሎች ችሎታውን ተጠራጠሩ። እኔ ግን ከፍታውን አስባለሁ። አዲስ አበባ ባለችበት፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ አውሮፕላኑም ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ የፍጥነት መለኪያው የተለመደውን ቁጥር እያሳየ እንኳ መሬቱ ከወትሮው ፈጥኖ ይሸሻል። ዓይኑ ዝቅተኛ አገር ላይ የለመደ አብራሪ ይህን በምን ያህል ጊዜ ይላመደዋል? ጥፋቱስ የእጁ ነው፣ የአየሩ ወይስ የማሽኑ?

ሌሊቱን ሙሉ በሙታን አብራሪዎች ላይ የምፈርደው እኔ፣ ጣርማ በርን በአውቶቡስ ስወርድ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ባዶ ወለል ላይ ፍሬን የምረግጥ ሰው ነኝ።